የኮምፒውተርን የውስጥ ኔትወርክ አድራሻ በስክሪፕት ማግኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በስታዲየም፣ በለገሃርና በአራት ኪሎ አካባቢ ባሉ ትናንሽ ቢሮዎችና የኅትመት ቤቶች ኮምፒውተሮችን ሳገናኝና ስጠግን ደጋግመው የቀረቡልኝ ናቸው። ስክሪፕት ማለት ኮምፒውተሩ ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት አጭር ፋይል ነው። የትእዛዞቹን ስም በፊደላችን እንደሚነበቡት ጽፌያቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጻፉ ግን በላቲን ፊደል መሆን አለባቸው።

«የውስጥ ኔትወርክ አድራሻ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአንድ ቢሮ ወይም ቤት ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች፣ ማተሚያዎችና ስልኮች እርስ በርስ የሚፈላለጉበት፣ አብዛኛውን ጊዜም ራውተሩ (መሣሪያዎቹን እርስ በርስና ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው ሣጥን) የሚያድላቸው ቁጥር ነው። የዚህ ቁጥር የተለመደ ዓይነት የሆነው የአይፒቪ4 አድራሻ ባለ 32 ቢት ቁጥር በመሆኑ ጠቅላላ ብዛቱ ወደ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው፤ ይህን ለመቆጠብም በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ ሦስት ክልሎች ለውስጥ አገልግሎት ተለይተዋል። እነዚህም ከ10.0.0.0 እስከ 10.255.255.255፣ ከ172.16.0.0 እስከ 172.31.255.255 እና ከ192.168.0.0 እስከ 192.168.255.255 ያሉት ናቸው።

እነዚህ ቁጥሮች ልክ እንደ ቤት ቁጥር በየሰፈሩ ይደጋገማሉ። ስታዲየም ያለው የሂሳብ ሥራ ቢሮ 192.168.1.7 የሚባል ኮምፒውተር ሲኖረው፣ አራት ኪሎ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤትም በዚያው ቁጥር የሚጠራ ኮምፒውተር ሊኖረው ይችላል፤ የተለያዩ ራውተሮች ሥር ስለሆኑ ግን አይጋጩም።

ኢንተርኔት ላይ «የእኔ አይፒ ስንት ነው» ብዬ ስጠይቅ የማገኘው ቁጥር ለምን ከዚህ ይለያል?

በዚያ መንገድ የሚገኘው ቁጥር ራውተሩ፣ ወይም ከራውተሩ ባሻገር ያለው የኢንተርኔት አቅራቢ፣ ወደ ውጭ የሚታወቅበት አድራሻ ነው። ቢሮው ውስጥ ያሉት 10 ኮምፒውተሮች ሁሉ ለውጭው ዓለም በዚያ አንድ ቁጥር ይታያሉ። ስለዚህ ከውጭ ድረ ገጽ ጠይቆ የሚመልስ ስክሪፕት፣ ምንም ያህል በትክክል ቢሠራ፣ ለዚህ ጉዳይ የሚሰጠው መልስ የተሳሳተ ነው፤ ከጎን ያለው ኮምፒውተር በዚያ ቁጥር ማተሚያውን አያገኘውም።

ቁጥሩን በዓይን ማየት እየተቻለ ስክሪፕት ለምን ያስፈልጋል?

አንድ ኮምፒውተር ብቻ ላለው ሰው አያስፈልግም። አራት ኪሎ ባለ አንድ የኅትመት ቤት ያየሁት ግን ሌላ ነው። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በቴሌግራም ይልካሉ፤ ፊት ለፊት ያለው ኮምፒውተር ይቀበላል፤ ትልቁ ማተሚያ የተያያዘው ደግሞ ጓዳ ካለው ኮምፒውተር ጋር ነው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የጓዳው ኮምፒውተር አድራሻ ሊቀየር ስለሚችል፣ ልጁ ወደ ጓዳ ገብቶ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ይከፍትና ቁጥሩን ጮኾ ይናገራል። ሰልፉ በሩ ጋ ደርሶ እያለ «17» የተባለው «70» ተብሎ ይጻፋል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ራሱ አድራሻውን ፈልጎ የሚጽፍ ስክሪፕት ይህን ምልልስ ያስቀራል።

ዊንዶውስ ላይ ቀላሉ ስክሪፕት የትኛው ነው?

«አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ፣ ውጤቱን በቋሚ መስመር ምልክት (|) ወደ «ፋይንድስትር» በማሳለፍ «አይፒቪ4» የሚል ቃል ያለበትን መስመር ብቻ ማስቀረት ይቻላል። ይህ በባች ፋይል (የዊንዶውስ ትእዛዞች በሚጻፉበት ፋይል) ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ከመስመሩ ነጥሎ ለማውጣት ደግሞ «ፎር» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቅሞ መስመሩን በሁለት ነጥቡ ላይ መቁረጥ ነው።

ሦስት ወጥመዶች አሉት። የመጀመሪያው፣ ከሁለት ነጥቡ በኋላ ክፍተት ስላለ የተቆረጠው ቁጥር ከፊቱ ክፍተት ይዞ ይመጣል፤ ይህን ሳያጸዱ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ሲያያይዙት አድራሻው ተሰብሮ ይገኛል። ሁለተኛው፣ የ«ፎር» ተለዋዋጭ በትእዛዝ መስኮት ሲጻፍ አንድ የፐርሰንት ምልክት ሲበቃው በባች ፋይል ውስጥ ግን ሁለት ይፈልጋል። ብዙ ሰው መስኮቱ ላይ ሞክሮ የሠራለትን መስመር ወደ ፋይል ገልብጦ «ለምን እምቢ አለኝ?» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው፣ የሚፈለገው ቃል ከዊንዶውሱ ስሪትና ቋንቋ ጋር ይለዋወጣል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ መስመሩ «አይፒ አድራሻ» ብቻ ይል ነበር፤ በፈረንሳይኛ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የቃላቱ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። «አድራሻ» የሚለውንም ቃል ጨምሮ የሚፈልግ ስክሪፕት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ስለዚህ «አይፒቪ4» የሚለውን ብቻ መፈለግ ይሻላል።

ስክሪፕቱ ሁለት ወይም ሦስት አድራሻ ያመጣልኛል። እውነተኛው የትኛው ነው?

ሁሉም እውነተኛ ናቸው። የዚህ ገጽ ዋና ጉዳይም ይኸው በመሆኑ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ።

አድራሻ የሚሰጠው ለኮምፒውተሩ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ነው። አንድ ላፕቶፕ በኬብል 192.168.1.7፣ በዋይፋይ 192.168.1.12 ሊሆን ይችላል። ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር የሚያስኬድ ፕሮግራም) ከተጫነበት ብዙ ጊዜ 192.168.56.1 የሚል ተጨማሪ ይኖረዋል፤ ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን ለየብቻ የሚያስኬደው ዶከር ካለ 172.17.0.1 ይታከላል፤ ቪፒኤን (በኢንተርኔት በኩል ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) ከተከፈተ ደግሞ ሌላ አንድ። «የመጀመሪያውን መስመር ውሰድ» ብለው የሚጽፉ ሰዎች ስክሪፕታቸው ለወራት ሠርቶ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ቪፒኤን ሲጭን ይበላሽባቸዋል። የካርዶቹ ዝርዝር ቅደም ተከተል የትኛው ካርድ ሥራ ላይ እንዳለ አይናገርምና።

ስታዲየም አካባቢ ያለ ቢሮ «የት ነው ያላችሁት?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በጠያቂው መነሻ ይወሰናል። ከፒያሳ ለሚመጣ «በቸርችል ጎዳና ወርደህ ለገሃር ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ» ይባላል፤ ከቦሌ ለሚመጣ «መስቀል አደባባይን አልፈህ» ይባላል። ቢሮው አንድ ነው፤ የሚገባበት መንገድ ግን ብዙ ነው። ኮምፒውተርም እንዲሁ ስለሆነ ትክክለኛው ጥያቄ «አድራሻህ ስንት ነው?» የሚለው ሳይሆን «ወደዚያ መሣሪያ ብትሄድ በየትኛው አድራሻህ ትወጣ ነበር?» የሚለው ነው። ኮምፒውተሩ የመንገድ ሠንጠረዥ ስላለው ይህን ጥያቄ ያለ ግምት ይመልሳል፤ ስክሪፕቱ ዝርዝር እያገላበጠ ከሚገምት ይልቅ ይህንኑ ሠንጠረዥ ቢጠይቅ ይሻላል። ከዚህ በታች የሚቀርቡት መንገዶች በአብዛኛው በዚህ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው።

በፓወርሼል፣ ማለትም በዊንዶውስ አዲሱ የትእዛዝ መስኮት፣ እንዴት ይጠየቃል?

«ፋይንድ-ኔትሩት» የሚለው ትእዛዝ የሌላኛውን መሣሪያ አድራሻ ተቀብሎ፣ ኮምፒውተሩ ወደዚያ የሚወጣበትን የራሱን አድራሻና የሚሄድበትን መንገድ ይመልሳል። መድረሻው የራውተሩ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.1፣ ቢሆን በቢሮው ኔትወርክ ውስጥ ያለው አድራሻ ይወጣል። «ጌት-ኔትአይፒአድሬስ» የሚለው ደግሞ ሁሉንም ይዘረዝራል፤ ለምርመራ ጠቃሚ ቢሆንም ለመምረጥ ግን አይረዳም። ሁለቱም ከዊንዶውስ 8.1 ጀምሮ ባሉት ስሪቶች ላይ ይገኛሉ።

ስክሪፕቱን በፋይል አስቀምጠው ሲያስነሡ «ስክሪፕት ማስኬድ አልተፈቀደም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ከመጣ፣ ጥፋቱ የስክሪፕቱ አይደለም። ለግል ኮምፒውተር በሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል ገና ሲጫን የስክሪፕት ፋይሎችን ከልክሎ ነው የሚመጣው። ክልከላውን በሙሉ ከማንሣት ይልቅ፣ እዚያው የተጻፉ ስክሪፕቶችን ፈቅዶ ከኢንተርኔት የመጡትን ፊርማ የሚጠይቀውን «ሪሞትሳይንድ» የተባለውን ደረጃ መምረጥ ይመረጣል።

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራውስ?

እኔ የማዘወትረው ይህንን ነው፤ አንዱ ፋይል ሳይለወጥ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይሠራልና። «ሶኬት» የሚለውን ሞጁል አስገብተው የዩዲፒ ሶኬት (ግንኙነት ሳይመሠርት መልእክት የሚልክ የኔትወርክ በር) ይከፍታሉ፤ «ኮኔክት» በሚለው ትእዛዝ መድረሻና የፖርት ቁጥር (በመድረሻው ላይ አገልግሎቱ የሚለይበትን ቁጥር) ይሰጡታል፤ ከዚያ «ጌትሶክኔም» ብለው ሶኬቱን የራሱን አድራሻ ይጠይቁታል፤ ከሚመለሱት ሁለት ነገሮች የመጀመሪያው የሚፈለገው አድራሻ ነው። በመጨረሻም ሶኬቱን ይዘጋሉ። ጠቅላላው ከስድስት መስመር አይበልጥም።

ብዙዎች የሚጽፉት ግን ይህንን ሳይሆን የኮምፒውተሩን ስም በ«ጌትሆስትኔም» አውጥቶ ስሙን በ«ጌትሆስትባይኔም» ወደ አድራሻ መለወጥን ነው። አጭር ስለሆነ ይማርካል፤ ሆኖም ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ብዙውን ጊዜ 127.0.1.1 ይመልሳል፤ ዊንዶውስ ላይም ከብዙ ካርዶች አንዱን እንደ ዕድል ያመጣል። እንዳይጠቀሙበት እመክራለሁ።

ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሰዓትም ይሠራል?

ይሠራል፤ ይህም ብዙ ሰው የማያምነው ነገር ነው። ምሳሌዎች ሁሉ መድረሻ አድርገው የጎግልን 8.8.8.8 ስለሚጠቅሱ ስክሪፕቱ ወደ ጎግል የሚልክ ይመስላል። በዩዲፒ ግን «ኮኔክት» ማለት መድረሻውን መመዝገብና የመውጫውን አድራሻ መምረጥ ብቻ ነው፤ ከኮምፒውተሩ አንድም ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) አይወጣም። ስለዚህ የኢንተርኔት ካርዱ ሒሳብ አልቆም ሆነ ከውጭ ያለው መስመር ተበጥሶ፣ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ጋር እስከተያያዘና መንገዱን እስካወቀ ድረስ መልሱ ይመጣል።

ኬብሉ ከተነቀለ ግን ምንም መንገድ ስለማይኖር ስክሪፕቱ «ኔትወርኩ አይደረስም» ብሎ በስሕተት ይቆማል፤ ይህን ስሕተት የሚይዝ መስመር መጨመር ግዴታ ነው። ሌላው ጥንቃቄ ደግሞ በቪፒኤን የሚሠሩትን ይመለከታል፤ መድረሻው 8.8.8.8 ከሆነ የሚወጣው የቪፒኤኑ አድራሻ ሊሆን ስለሚችል፣ በምትኩ የቢሮውን ራውተር ወይም የማተሚያውን አድራሻ መስጠት ይገባል።

በሊኑክስና በማክስ?

ሊኑክስ ላይ «አይፒ ሩት ጌት» ብለው መድረሻውን ሲያስከትሉ በመልሱ ውስጥ «ኤስአርሲ» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚፈለገው አድራሻ ነው። «ሆስትኔም» ብለው ከሰረዝ ጋር ትልቁን «አይ» ሲጨምሩም አድራሻዎቹ ሁሉ በአንድ መስመር ይደረደራሉ፤ ትንሹን «አይ» ከጻፉ ግን ያው 127.0.1.1 ሊመጣ ይችላል። አሮጌው «ኢፍኮንፊግ» በብዙ አዳዲስ ሊኑክሶች ላይ ተጭኖ ስለማይመጣ ስክሪፕት በእርሱ ላይ ባይመሠረት ይሻላል። ማክ ላይ «አይፒኮንፊግ ጌትኢፍአድር» ብሎ የካርዱን ስም፣ ብዙውን ጊዜ «ኢኤን0»፣ ማስከተል በቂ ነው።

በ127 የሚጀምረው አድራሻ ምንድን ነው?

ኮምፒውተሩ ለራሱ የሚያወራበት ነው። በዚህ አድራሻ የተላከ ነገር ከኮምፒውተሩ አይወጣም፤ ለጎረቤት ኮምፒውተር ብትሰጡትም ጎረቤቱ የሚያገኘው ራሱን ነው።

በ169.254 የሚጀምር አድራሻ መጣልኝ። ስክሪፕቱ ተሳስቶ ነው?

አልተሳሳተም፤ መጥፎ ዜና በትክክል እየነገረዎት ነው። ኮምፒውተሩ አድራሻ የሚያድለውን መሣሪያ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሚሰጠው ቁጥር ይህ ነው። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ቀድሞ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል፤ የኔትወርክ ኬብሎቹን የሚያገናኘው ስዊች ከኤሌክትሪክ ሶኬቱ ተነቅሎ ወይም ኬብሉ ላልቶም ሊሆን ይችላል። ጥሩ ስክሪፕት ይህን ቁጥር እንደ መልስ አይጽፍም፤ ይልቁንም በየ5 ሰከንዱ እስከ 12 ጊዜ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላም ካልተለወጠ «ራውተሩን እዩ» የሚል መልእክት ያስቀምጣል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ ስክሪፕት ያለዚህ ትዕግሥት ከተጻፈ፣ ኔትወርኩ ገና ሳይዘጋጅ ጠይቆ ባዶ ፋይል ይተዋል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አድራሻው ለምን ይቀየራል? እንዳይቀየርስ ማድረግ ይቻላል?

ራውተሩ አድራሻን የሚሰጠው በኪራይ ነው፤ ኪራዩም የተወሰነ ዕድሜ አለው። ኮምፒውተሩ የኪራዩ ግማሽ ጊዜ ሲያልፍ ማደሻ ይጠይቃል፤ ራውተሩም አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ቁጥር ያጸናለታል። አንዳንድ ርካሽ ራውተሮች ግን የኪራይ መዝገባቸውን ኃይል ሲቋረጥ ስለሚረሱ፣ መብራቱ ሲመለስ ቀድሞ የደረሰው መሣሪያ የሌላውን ቁጥር ሊወስድ ይችላል።

መፍትሔው የራውተሩን ገጽ ከፍቶ ለአገልጋዩ ኮምፒውተርና ለማተሚያው ቁጥር ማስያዝ ነው። ማስያዣው የሚታወቀው ባለ 48 ቢት በሆነው የካርዱ ማክ አድራሻ (ካርዱ ከፋብሪካ ይዞት በሚመጣው መለያ ቁጥር) ስለሆነ፣ ኬብልና ዋይፋይ የተለያየ ማክ እንዳላቸው ማስታወስ ያስፈልጋል። በግልጽ ለመናገር፣ የፒችትሪ (የሂሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራም) ፋይላቸውን በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው አራት የሂሳብ ሠራተኞች የሚጋሩት ቢሮዎች ከስክሪፕት በፊት ይህንን ቢያደርጉ፣ ስክሪፕቱ ከነጭራሹ ላያስፈልጋቸው ይችላል። ስክሪፕቱ የሚጠቅመው የራውተሩ የይለፍ ቃል በእጃቸው ላልሆነ፣ ለምሳሌ የሕንፃውን የጋራ ኔትወርክ ለሚጠቀሙ ተከራዮች ነው።

ስክሪፕቱ ያገኘውን አድራሻ የት ያስቀምጠው?

የተቀየረውን አድራሻ እዚያው በተቀየረበት ኮምፒውተር የጋራ ፎልደር ውስጥ መጻፍ ቁልፉን ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደመውጣት ነው። ሌሎቹ ፎልደሩን ለመክፈት መጀመሪያ አድራሻውን ማወቅ አለባቸው። ቁጥሩ ቋሚ በሆነ ሦስተኛ መሣሪያ ላይ ማስቀመጥ፣ ወይም በቴሌግራም ቦት ወደ ቢሮው ቡድን መላክ ይቻላል፤ ሁለተኛው ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ የቦቱ ምሥጢራዊ ቁልፍም ሰው ሁሉ በሚያየው ፋይል ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

ሰዓቱንም አብሮ መጻፍ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በእኛ አቆጣጠር ይሁን። አንድ ቢሮ ውስጥ ፋይሉ ላይ «08:15» የሚለውን ያየች ጸሐፊ ከቀኑ 8 ሰዓት ከሩብ መስሏት፣ ገና ጠዋት ስለነበር «ይህማ የትናንት ነው» ብላ አለፈችው። ከዚያ ወዲህ ስክሪፕቶቼ ስድስት ሰዓት ቀንሰው «ከጠዋቱ 2:15» ብለው ይጽፋሉ።

ኮምፒውተሩን ከስልኬ ሆትስፖት ጋር ሳያይዘው አድራሻው ፈጽሞ ሌላ ሆነ። ለምን?

ያን ጊዜ ራውተሩ ስልኩ ስለሆነ ነው። አይፎን አብዛኛውን ጊዜ በ172.20.10 የሚጀምር፣ የቆዩ አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ በ192.168.43 የሚጀምር አድራሻ ያድላሉ። የቢሮው ማተሚያ በሌላ ኔትወርክ ላይ ስለሚቀር በሆትስፖት ላይ ሆኖ ማተም አይቻልም።

አድራሻው ትክክል ነው፤ ሌላው ኮምፒውተር ግን አያገኘውም።

በመጀመሪያ ሁለቱም በአንድ ኔትወርክ ላይ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ አንዱ በኬብል ሌላው በእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆነ አይተያዩም። ብዙ የሆቴልና የካፌ ዋይፋዮችም ደንበኞች እርስ በርስ እንዳይገናኙ ሆን ብለው ይለያዩአቸዋል። ከዚያ ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት የሚያጣራውን የዊንዶውስ ፋየርዎል ይመልከቱ። ኔትወርኩ «የሕዝብ» ተብሎ ከተመዘገበ ፒንግም (መሣሪያ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚጠይቀው ትእዛዝ) ሆነ በፖርት 445 የሚሄደው የፋይል መጋራት ይታገዳል፤ የራስዎ ቢሮ ከሆነ «የግል» ወደሚለው ይቀይሩት። ፋየርዎሉን ጠቅልሎ ማጥፋት በየቢሮው የማየው ልማድ ነው፤ ችግሩን ለጊዜው ያስታግሳል፤ በፍላሽ የገባ ቫይረስ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እንዲዛመትም በሩን ይከፍትለታል።

የውስጥ አድራሻዬን ለሌላ ሰው ብነግረው አደጋ አለው?

192.168.1.7 የሚል ቁጥር ብቻውን ከኔትወርኩ ውጭ ላለ ሰው አይጠቅመውም፤ ከኢንተርኔት ወደዚያ ቁጥር የሚወስድ መንገድ የለም። አደጋው ያው ዋይፋይ ላይ ካለ ሰው ነው፤ እርሱ ደግሞ ባትነግሩትም ቁጥሩን በራሱ መፈለጊያ በጥቂት ሰከንድ ያገኘዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመደበቅ ይልቅ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል መለወጥና የጋራ ፎልደሩን በይለፍ ቃል መዝጋት ይሻላል።